ከጓሯችን እስከ አባባ መቃብር

ለምወድህና ለተቀየምኩህ ወንድሜ ለሲልቫን፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ እንዴት ሆነልህ? በረዶ ስዝቅ ቀጭ አለኝ ብለህ ከጻፍክ ወዲህ እማማ የሞንትሪያልን በረዶ ማታና ጠዋት ትረግመዋለች። ካትሪን ደህና ናት? ልጆቹስ፣ ኖዔሚ እንዴት ናት? ማቲስን ሳሉ ለቀቀው? ቤታችሁ ይሞቃል? ምድጃችሁ አይጨስም? እነሱ ጋ ምድጃ የለም፣ የሚሞቀው ግድግዳው ነው ብላት እማማ ልታምነኝ አልቻለችም፤ ጠይቂልኝ ስላለች ጠይቄሃለሁ፣ አንተው አስረዳት። እኛ ከእማማ ዳሌና ከእኔ ንዴት በቀር ደህና ነን። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። ድመቷም እንደ ወትሮዋ ሁላችንንም ንቃ ትኖራለች። ከእማማና ከእኔ ድምፅ በቀር ሌላ የማይሰማበት ቤት ስለሆነ የአንተ ደብዳቤ የመጣ ቀን እንግዳ እንደገባ ነው የምንቆጥረው።

የመጨረሻው ደብዳቤህ የደረሰን በገና ሰሞን ነው። እማማ መነጽሯን አድርጋ ብትቀመጥም እንደ ልማዷ እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ከሁሉም የሚናፍቀኝ ያ ጭር ያለው የእግር መንገድ ነው፤ ለልጆቹ ስለ ዛፎቹ፣ ስለ ኩሬው፣ ስለ እንጨት ድልድዩ እነግራቸዋለሁ፤ አሁንም እንደዚያው ጭር ብሎ ነው?» ብለህ ጽፈሃል። እማማ ፈገግ አለች። እኔ ግን አንጀቴ ቅጥል አለ። ያን ዕለት መልስ ብጽፍልህ ኖሮ ወረቀቱ ይቃጠል ስለነበር እስኪበርድልኝ ጠበቅሁ። ይኸው ሳይበርድልኝ ጀመርኩት። አዎ ወንድሜ፣ ጭር ብሏል። በጣም ጭር ብሏል። እንዴት ጭር እንዳለ ልንገርህና ከዚያ በኋላ ናፍቆትህን እንደገና ጻፍልኝ።

መንገዱን አንተ አትረሳውም ብዬ አምናለሁ። ከጓሯችን ተነስቶ በድንጋይ ካቡ ሥር ይሄዳል፤ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ አልፎ፣ በጎረቤታችን በሬዢ የግጦሽ መሬት መሃል ሰንጥቆ፣ በኩሬው ዳር አድርጎ መካነ መቃብሩ በር ላይ ይወጣል። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ሳያለከልክ ይሄደዋል። አባባ ካረፈ ጀምሮ እማማ ከምሳ በኋላ ምርኩዟን ይዛ በዚያ ትሄዳለች፣ ከአባባ ጋር የምታወራውን አውርታ ትመለሳለች። በአስፋልቱ እንዳትሄድ ግንድ የጫኑት ካሚዮኖች አሉ፤ አንተ ሳለህ አልፎ አልፎ ነበሩ፣ ዛሬ ግን ጫካው ሁሉ እየተቆረጠ ስለሆነ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይተካል። ዳር የለው፣ መሸሻ የለው። በመኪና ላድርስሽ ስላት ደግሞ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «አባታችሁ ጋ በመኪና ሄጄ ምን ልበለው? ቸኩያለሁ ልበለው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ባለፈው በጋ ነው። የወረዳው የእግር ተጓዦች ማኅበር ለቤተሰብ የሚሆኑ ቀላል መንገዶች ብሎ መንገዳችንን ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ባለው ሰሌዳ ላይ አወጣው። ቢጫ ምልክት የሚቀባ ፈቃደኛ ሲፈለግ እኔ ነኝ አልኩ። ምን ላድርግ፣ ሌላ ማን ሊል? ብሩሽና ጣሳ ይዤ ዛፉንም ድንጋዩንም እየቀባሁ ስሄድ ዢዜል አገኘችኝ። ዢዜል ማለት ከሊዮን ጡረታ ወጥታ የነ ቦኔን ቤት የገዛችው ናት፤ አንተ አታውቃትም፣ የቀረብህም ነገር የለ። «ቢጫው ዓይን ይወጋል፣ ቅጠልያ ብታደርጊው አይሻልም?» አለችኝ። ቅጠል መሃል ቅጠልያ ምልክት ማን እንደሚያየው ብጠይቃት «ለተፈጥሮ አታስቢም ማለት ነው» ብላኝ ሄደች። የሰው ነገር እንዲህ ነው።

ተጓዦቹ መጡ። ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ አልዋሽም፤ ሰላም ይላሉ፣ ውሃ ይጠይቃሉ፣ ዶሮዎቹን ፎቶ ያነሳሉ። እማማ ደስ ብሏት ነበር። አንድ ቀን ግን ከመካከላቸው አንዱ የሬዢን የግጦሽ በር ከፍቶ ገባና ሳይዘጋው ሄደ። አንዲት ጊደር ወጥታ አስፋልቱ ላይ ቆመች፣ ካሚዮን ገጫት። ያቺ ጊደር እናቷ ስለሞተችባት ሬዢ በጡጦ ያሳደጋት ነበረች። ሬዢ አብሮ አደግህ ነው፤ ጠባዩን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። በማግስቱ በሩን በሰንሰለት ቆለፈው፣ በሽቦም አጠረው። ለእማማ ብቻ ሽቦውን የምታነሳበት መንጠቆ አደረገላት። ከዚያ ምክር ቤቱ መንገዱን እንዲሸጥለት ጠየቀ። ሕጉን ታውቃለህ፤ የመንደር መንገድ የሚሞተው እግር ሲያጣ ነው። ሕዝቡ መርገጡን ከተወ ምክር ቤቱ መሸጥ ይችላል። ከተሸጠ ደግሞ እማማ አባባ ጋ የምትሄደው በሬዢ ፈቃድ ነው ማለት ነው፤ ሬዢ ፈቃዱን ቢነሳት ወይ ከብቱን ለሌላ አስረክቦ ቢሄድ ደግሞ በካሚዮኖቹ መሃል።

ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ሞላ ብልህ ታምናለህ? ለእግር ኳስ እንኳ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ዢዜል ተነስታ «ቅርሳችን ነው! ትንፋሻችን ነው! የአያቶቻችን ዱካ ነው!» አለች፤ አያቶቿ የሊዮን ሰዎች ናቸው። ሌላውም እየተነሳ እንደዚያው ተናገረ። ልቤ ሞቀ። ከንቲባችን ቡርዳሎ «ለመሆኑ በዚህ መንገድ የሚሄደው ማነው?» ሲል ያልተነሳ እጅ የለም። አሸነፍን ብዬ ወደ እማማ ዞር ስል ከኋላ ወንበር ሬዢ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ተነሳ። «እንዲያ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ኩሬው ጋ ያለው ድልድይ ከምን ነው የተሠራው? ከእንጨት ነው ከድንጋይ?»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ ዢዜል «ከእንጨት ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» አለች፤ የቀሩትም «ከእንጨት፣ ከእንጨት» እያሉ ተከተሏት። የእንጨቱ ድልድይ በጎርፍ ከሄደ ስንት ዘመኑ! ሬዢ ራሱ ነው በትራክተሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጎትቶ የጣለበት። «አመሰግናለሁ» ብሎ ቁጭ አለ። ሳቅ የለ፣ ጭብጨባ የለ፤ ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ ከሬዢ ይልቅ በእነሱ ደሜ ፈላ። ምላስ አጥንት የለውም፤ መንገድ ግን በምላስ አይሄድም። አንተም ብትጠየቅ «ከእንጨት» እንደምትል ኋላ በገናው ደብዳቤህ አወቅሁ።

ከንቲባው በማግስቱ መንገዱን በዓይኔ ልይ ብሎ መጣ። በምን መጣ? በመኪና። መካነ መቃብሩ በር ላይ አቁሞ፣ ጫማውን በጎማ ቡትስ ለውጦ፣ ሽቦውን አንስተን ገባን። የመንገዱ ወለል ሣር ብቻ ነው፤ እሾሃሙ የዱር እንጆሪ ከግራም ከቀኝም እጁን ዘርግቷል። በሣሩ መሃል ግን አንዲት ቀጭን መስመር ነበረች፣ ከአንድ ጫማ የማትሰፋ፣ የተረገጠች። ከጎኗ ደግሞ ተራ በተራ ትንንሽ ቀዳዳዎች። ከንቲባው ጎንበስ ብሎ አይቶ «የጥንቸል መንገድ ነው?» አለኝ። «የእናቴ ነው፤ ቀዳዳው ምርኩዟ ነው» አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ይኸ አይካድም። ከዚያ «ማርሴሊን፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ ግን አንዲት እግር ሕዝብ አትባልም» አለኝ።

ሕዝብ ከሆነ የሚፈልገው ሕዝብ አመጣለታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። የዳቦ መኪናዋን ታስታውሳለህ? ዛሬ የምትነዳት ዦዜት ናት፤ አደባባዩ ላይ ቆማ ጥሩምባዋን ስትነፋ ሰው ሁሉ ይወጣል። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት፤ መኪናዋን አደባባዩ ላይ ሳይሆን መካነ መቃብሩ በር ላይ እንድታቆም። ዳቦ የፈለገ በመንገዳችን ይሂድ ነው ነገሩ። ዦዜት ሳቀች፣ እሺም አለችኝ። የመጀመሪያ ቀን ሲሄዱ ማየት ነበረብህ! እየተነጫነጩ፣ በሣሩ እየረጠቡ፣ በእንጆሪው እየተቧጠጡ ሄዱ። እማማ ካቡ ላይ ጋቢ አንጥፋ ተቀምጣ እያንዳንዱን «እንደምን ዋልክ፣ እንደምን ዋልሽ» ስትል ዋለች። ሲመለሱ ደግሞ ዳቦው በደንብ በስሎ እንደሆን እየጠየቀች አፏን አላሳረፈችም። ከአባባ ቀብር ወዲህ እንደዚያ ፊቷ ሲበራ አላየሁም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ የተወሰኑት ቀሩ። በሦስተኛው ዢዜል ብቻዋን በመኪናዋ በአስፋልቱ ዞራ መጣችና የመንደሩን ዳቦ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጭና ሄደች። ተማክረው ነዋ! በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ ላለመሄድ ግን እንደ አንድ ልብ መካሪ ሆኑ። ዦዜት በመስኮቷ ብቅ ብላ «የኔ እህት፣ እኔ ዳቦ ሻጭ ነኝ እንጂ እረኛ አይደለሁም» አለችኝና ወደ አደባባይዋ ተመለሰች። አልቀየምኳትም። እማማ ግን በማግስቱም ጋቢዋን ይዛ ካቡ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። አንድም ሰው አላለፈም። እኔ በመስኮት እያየሁ ያለቀስኩትን ለማንም አልነገርኩም፤ ላንተ ነገርኩህ።

የቀረኝ ተስፋ የቅዱሳን ሁሉ ቀን ነበር። ያን ቀን ሊሞዥም ፓሪስም የሄደ ሁሉ ተመልሶ፣ የክሪዛንተም አበባውን ታቅፎ ወደ ዘመዶቹ መቃብር ይሄዳል፤ በዓመት አንድ ቀን መንደራችን ሰው ያላት ትመስላለች። ስለዚህ ቤት ለቤት ዞርኩ። በዚህ ዓመት አበባችንን ይዘን ሁላችንም በእግራችን፣ በድሮው መንገድ እንሂድ አልኳቸው። «እንዴታ!» ያላለኝ የለም። አንዱማ «ልጆቼንም ይዤ ነው፣ ይልመዱት» አለኝ። ከንቲባው ጋ ሄጄ በር ላይ ቆመህ ቁጠር አልኩት። ሬዢም ሰንሰለቱን ለዚያ ቀን ሊፈታው ተስማማ።

ሲነጋ ዝናብ። ያውም የእኛን የኖቬምበር ዝናብ ታውቀዋለህ፤ የሚዘንብ አይመስልም፣ ግን ሆድ ድረስ ይገባል። እኔና እማማ አደባባዩ ላይ ቆመን ጠበቅን። መኪኖቹ በፊታችን ተራ በተራ አለፉ። መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ከኋላው አበባ ብቻ ይታያል። አንዳንዱ እጁን አወዛወዘልን። ዢዜል ቆመችና መስኮቷን በጣት ያህል ዝቅ አድርጋ «በዚህ ዝናብ በእግር? እናትሽን ልትገያት ነው? ግቡ!» አለችኝ። እማማ የአባባን የድሮ የዝናብ ካፖርት ለብሳ ነበር፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል። «አመሰግናለሁ ልጄ፣ እኛ መንገድ አለን» አለቻት። ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ምንም ምሬት አልነበረም። ምሬቱን ሁሉ ለእኔ ትታልኝ ነው መሰለኝ።

እኔ ሁለት ማሰሮ አበባ አቅፌ፣ እሷ በምርኩዟ እየቀደመችኝ ሄድን። ሽቦው ጋ ስንደርስ አንድ ሰው ከዛፍ ሥር ቆሟል። ሬዢ ነው። ከፊቱ የእጅ ጋሪ አለ፤ ጋሪው ውስጥ ለአባቱ መቃብር ያመጣው አበባ። ወሬ ሳያበዛ የእኔን ማሰሮዎች ተቀብሎ ከራሱ ጎን አስቀመጠና ጋሪውን እየገፋ አብሮን ሄደ። በጆሮዋ «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን አግኝቶት ነው በዚህ የመጣው?» ብዬ እማማን ጠየቅኳት። «ምን ዛሬ አለ? በየእሑዱ እኮ እዚህ እንገናኛለን፤ አባቱ ጋ ሲሄድ በዚሁ ነው» አለችኝ። ሲልቫን፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልንገርህ? ለመንገዱ እጃቸውን ያነሱት ሁሉ በመኪና ሄዱ። በመንገዱ ከእናታችን ሌላ የሚሄደው ብቸኛ ሰው ሊዘጋው የጠየቀው ሰው ሆኖ ተገኘ። መሳቅም አቃተኝ፣ ማልቀስም አቃተኝ።

ስንመለስ ሬዢ በሩን ቆለፈና ከኪሱ ሌላ ቁልፍ አወጣ። አዲስ ቁልፍ፣ በቀይ ክር የታሰረ። «እማማ ኤርነስቲን፣ ቢሸጡልኝም ባይሸጡልኝም እርስዎን ማን ይከለክልዎታል? ይሄን ይያዙት። እኔ የማልፈልገው ሌላውን ነው» አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ ነው የሰጣት። እኔ ልቆጣ አፌን ስከፍት እማማ ክንዴን ያዘችኝ። ቁልፉን አየችው፣ አልነካችውም። «ሬዢ፣ ልጄ፣ ኩሬው ውስጥ የወደቅህ ቀን በዚህ መንገድ ነው ሮጬ የደረስኩልህ» አለችው። «ያን ቀን ቁልፍ ፍለጋ ብሄድ ኖሮ ዛሬ አበባ የሚመጣው ላንተ ነበር።» ሬዢ ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከባርኔጣው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። እኛ ወደ ቤታችን ሄድን።

ከዚያ ወዲህ አልመጣም፣ አልደወለም። አንድ ጠዋት መዶሻ ሰማሁና ብሄድ፣ ሽቦውን ቆርጦ ሁለት ወፍራም ምሰሶ ተክሏል። ከጀርባቸው ሌላ ምሰሶ ጨምሮ መግቢያውን ጠማማ አድርጎታል። ሰው ጎኑን ሰጥቶ ዞር ብሎ ያልፋል፤ ላም ግን ወገቧን ማጠፍ ስለማትችል አታልፍም። የሚከፈት ነገር የለ፣ የሚረሳ ነገር የለ። «ጥያቄዬን ከምክር ቤቱ አነሳለሁ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ይሄው ነው! ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ ቅርስ፣ ያ ሁሉ ትንፋሽ፣ ያ የዳቦ መኪና፣ ያ ሁሉ የእኔ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ በጥቂት ምሰሶና በአንድ ጠዋት ሥራ አለቀ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ከኛ መሃል አንድ ሰው እንኳ በዚያ በር በእግሩ አልፎ ቢሆን ኖሮ ይሄን ከመጀመሪያው ያስበው ነበር።

ከንቲባው ሊመርቅ መጣ። ሆዱን ታውቀዋለህ። በግራ ሞከረ፣ በቀኝ ሞከረ፣ ትንፋሹን ሳበና ሞከረ፤ መሃል ላይ ተቀረቀረ። «ይሄ እኮ ላም እንዳታልፍበት ነው የተባለው!» ብሎ ጮኸ። ሬዢም ረጋ ብሎ «እስካሁን ያለፈ የለም፣ ክቡር ከንቲባ፤ ሥራው ደህና ነው ማለት ነው» አለው። እማማ ካቡን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። የከንቲባው ነገር ግን በሳቅ አላበቃም። ወጥቶ ልብሱን ካራገፈ በኋላ «ሬዢ ቢተወውም የምክር ቤቱ ጉዳይ እንዳለ ነው። ማንም የማይሄድበትን መንገድ መመንጠር አንችልም። ከፋሲካ በኋላ መጥቼ አያለሁ፤ ሣር ብቻ ካገኘሁ ከዝርዝሩ ይወጣል» አለኝ። መንገዱ እንግዲህ ተርፏል፣ እግር ካገኘ።

አሁን ወደ ንዴቴ ሥር ልምጣ። ከገና በኋላ በረዶ ሲጥል የእማማ ዳሌ ያዛት። ሐኪሙ መሄድ አትተዊ፣ ብቻሽን ግን አትሂጂ አላት። እሺ፣ እኔ አለሁ። ክንዷን ይዤ እንሄዳለን፣ እስከ ምሰሶዎቹ ድረስ ምንም አትሆንም። እዚያ ስንደርስ ግን መግቢያዋ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታሳልፈው። ጎኗን ሰጥታ ስትዞር ምርኩዟ ይያዝባታል፤ ስለዚህ ትተወዋለች። እኔ ቀድሜ አልፌ እጇን ስይዝ ከኋላዋ የሚደግፋት የለም፣ ዳሌዋ ይከዳታል። ከኋላ ስደግፋት ደግሞ ከፊት የምትይዘው ታጣለች። ሞከርነው፤ ልትወድቅብኝ ነበር። ተመለስን። አባባ ጋ ሳትሄድ የተመለሰችበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ሬዢ ሰምቶ አንድ ቀን ሥራውን ትቶ መጣ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን አሻገርናት፤ ሄደች፣ ከአባባ ጋር አወራች፣ ተመለሰች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እውነት ነው ብዬ አሰብኩ። ቤት ስንገባ «ደግሞ ነገ ይምጣ?» ብላት ካፖርቷን እያወለቀች «ሬዢን እግዜር ይስጠው፣ ከብቱን ይጠብቅበት» አለችኝ። ካፖርቷን ሰቀለችና «ሁለት ወልጄ በጎረቤት እጅ አልሻገርም» አለች። ምሰሶዎቹን ትንሽ እናስፋቸው ብላትም እንቢ አለች። ለእሷ ተብሎ ከሰፋ ላም ያልፋል፣ ላም ካለፈ ሬዢ ይዘጋል፤ እንዲህ ነው የምታስበው፣ ልክም ናት። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። ያቺን ቀጭን መስመር ሣር እየበላት ነው፤ በየቀኑ እየሄድኩ ብረግጣትም የእኔ እርምጃ ከእሷ ስለሚረዝም መስመሯን አይገጥምም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጭርታው ናፈቀኝ ብለህ አትጻፍልኝ። ጭርታው አንተ ነህ። አንተና እንዳንተ የሄዱት ሁሉ ናችሁ። እኛ እዚህ ጭርታውን አንወደውም፣ እንኖረዋለን እንጂ። አልሰድብህም፤ እዚያ ሥራ አለህ፣ ልጆች አሉህ፣ ቲኬቱም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ናፍቆት መንገድ አይረግጥም። ፎቶ አትላክልኝ፣ ለእማማ የሱፍ ካልሲ አትላክላት፣ ሦስት አላት። በፋሲካ ከንቲባው ከመምጣቱ በፊት እግርህን ይዘህ ና። ልጆቹንም አምጣቸው፤ መንገዱ ቀላል ነው፣ ሕፃንም ይሄደዋል፣ ድሮም ለዚያ ነው የሠሩት። አባባም ያው እዚያ አለ፣ አልሄደም። ምሰሶዎቹ ጋ ግን አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ያስፈልጋል። እኔ አንድ ነኝ።

ካትሪንን ሳምልኝ፤ ቁጣዬ አንተ ላይ እንጂ እሷ ላይ እንዳልሆነ ንገራት። ለኖዔሚ፣ ስሟን ጠርተን ብንነግራት ድመቷ ምንም እንዳልመሰላት ንገራትና መጥታ ራሷ ትተዋወቃት በልልኝ። ለማቲስ ደግሞ አባቱ ስለ እንጨት ድልድይ የነገረውን እንዲረሳው ንገረው፤ ድልድዩ ድንጋይ ነው። ሬዢም ሰላም ብሎሃል፤ ቃል በቃል «ያ ዋናተኛ እንዴት ነው?» ነው ያለው፣ የኩሬውን ቀን ማለቱ ነው፣ የቀረውን አንተ ታውቃለህ። ዦዜት ሰላም ብላሃለች። ዢዜል ባታውቅህም ሰላም ብላሃለች፤ ሰላም ማለት ለእሷ ቀላል ነው።

እማማ ስሜሃለሁ በይው ብላኛለች። ትናንት የድሮ የጎማ ቡትስህን ከጣሪያ ሥር አስወረደችኝ። የሸረሪቱን ድር ራሷ ጠርጋ፣ በሳሙና አጥባ፣ በጓሮው በር አጠገብ ከምርኩዟ ጎን አቁማዋለች። ቤት ሳጸዳ ላነሳው ብል «ተይው፣ እዚያው ይሁን» አለችኝ። ስለዚህ በምጠርግበት ጊዜ ዙሪያውን ነው የምጠርገው።

እህትህ ማርሴሊን

ላ ሩሽዬር፣ ክሬዝ
ፌብሩዋሪ 18 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ሳለ